መብረርን ላስተማረን መምህር የሚገባ ምስጋና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንዱ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በተፈቀደልኝ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም። አታት የአይሮፕላን ማረፊያ የላትም። በሰማያችን ላይ የሚያልፈው አይሮፕላንም ድምፁን አሰምቶን ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይወርድም። ይህም ሆኖ ሳለ እኔ የምናገረው ስለ አንድ የበረራ መምህር ነው።

ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የትምህርት ቤት በዓል ከሁሉ አስቀድሞ የመምህራን በዓል ስለ ሆነ ነው። የመምህርነትም ነገር ከየትኛውም ሙያ ይልቅ በበረራ ትምህርት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በዚያ ስሕተት በቀይ ቀለም ተሰርዞ አይቀርምና። ሁለተኛው ምክንያቴ የዚህ ሰው የመጨረሻ ጉዞ ነው። እርሱ ሲሞት ይዞት የነበረው ነገር አታትን ከብዙ ከተሞች ይበልጥ የሚመለከት ነው። ይህንንም በስፍራው እገልጸዋለሁ።

የበረራ መምህር ሥራ ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። በማሠልጠኛ አይሮፕላን ውስጥ ሁለት ወንበርና ሁለት መሪ አለ። የተማሪው መሪ ከመምህሩ መሪ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያ መምህሩ ራሱ እያበረረ ያሳያል። ቀጥሎ ተማሪው እጁን በመሪው ላይ አኑሮ የመምህሩን እጅ እንቅስቃሴ እንዲከተል ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሲያበር መምህሩ እጁን ከመሪው ሳያርቅ፣ ነገር ግን ሳይነካው ይቀመጣል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ቸኩሎ መሪውን ቢነጥቀው ተማሪው መቼም አይማርም፤ ዘግይቶ ቢይዘው ደግሞ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ መልካም የበረራ መምህር ማለት የተማሪውን ስሕተት እስከ ምን ድረስ መታገሥ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

ከብዙ ሰዓት ትምህርት በኋላ መምህሩ ከአይሮፕላኑ ወርዶ ተማሪውን «አሁን ብቻህን ሂድ» የሚልበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን የአንድ ሰው ክብደት ስለ ጎደለ አይሮፕላኑ ይቀልና ከወትሮው ፈጥኖ ከመሬት ይነሣል። መምህሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ከማየት በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ያስተማረው ትምህርት እውነተኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው እርሱ በሌለበት ነው።

ሄሊኮፕተርን ማስተማር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አብራሪው በግራ እጁ በሚይዘው ዘንግ ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በቀኝ እጁ በሚይዘው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይመራዋል። በሁለቱ እግሮቹ የሚረግጣቸው ፔዳሎችም የጅራቱን ትንሽ መቅዘፊያ ይገዛሉ። ከእነዚህ አንዱን ሲነካ ሌሎቹንም ማስተካከል ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ለጀማሪ በአየር ላይ በአንድ ቦታ ቀጥ ብሎ መቆም ወደ ፊት ከመሄድ የበለጠ ያስቸግረዋል። ሞተሩ በአየር ላይ ቢጠፋ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከታች የሚመጣው ነፋስ ትልቁን መቅዘፊያ ያሽከረክረዋል። አብራሪውም ያንን ሽክርክሪት ጠብቆ በመሬት አጠገብ ከተጠቀመበት በደኅና ያርፋል። መምህሩ ይህንን ለማስተማር ሆን ብሎ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። ተማሪው ክፉው ቀን ሳይመጣ ክፉውን ቀን እንዲለምደው ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ፀጉራቸው እስኪሸብት የቆዩ መምህራን በየአገሩ አሉ። ለእነርሱ የሚሰጠው ክብር ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው በያዘው መሪ ሥር ነፍሳቸውን አስይዘው ኖረዋልና።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል ፈረንሳይ ሠራሽ አይሮፕላን ነበረ። ከዚያም በፈረንሳውያን መምህራን ትምህርት ተጀምሮ በ1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ሙሉእመቤት እምሩ የምትባል ወጣት ሴትም በዚያው ዘመን የበረራ ትምህርት ጀምራ ሳለ የጣሊያን ወረራ ትምህርቷን አቋረጠባት። እኅቶቼ ተማሪዎች ይህን ስም እንዲያስታውሱት እለምናለሁ። ዛሬ ሴት አብራሪ ስናይ የምንደነቅ ከሆነ፣ የምንደነቅበት ነገር ከዘጠና ዓመት በፊት በአገራችን ተጀምሮ የነበረ መሆኑን አናውቅም ማለት ነው።

የወረራው ደመና ባንዣበበበት በዚያ ወራት ነው እንግዲህ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው።

ጆን ሮቢንሰን በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ተወልዶ በሚሲሲፒ፣ ጋልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፤ በአንድ ወንበርም አይቀመጡም ነበር። ወጣቱ ሮቢንሰን ቡከር ዋሽንግተን በመሠረተው በታስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተማረ፤ ከዚያም ወደ ቺካጎ ሄዶ መኪና መጠገን ጀመረ። ልቡ ግን በአይሮፕላን ላይ ነበረ። በቺካጎ ወደ ነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ቢያመለክት በቆዳው ምክንያት አልቀበልም አሉት።

እርሱ ግን ተቀይሞ አልቀረም። በዚያው ትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ከክፍሉ ጥግ ሆኖ መምህሩ የሚናገረውን ይሰማ ነበር። ከባልንጀሮቹም ጋር ሆኖ ትንሽ አይሮፕላን ሠሩ። ይህንን ያየ አንድ መምህር ስለ እርሱ ተከራክሮ በመጨረሻ ተቀበሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያው ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች ክፍል ሲከፍት ከመምህራኑ አንዱ ጆን ሮቢንሰን ሆነ። በመጥረጊያ የገባበትን ክፍል በጠመኔ ገባበት።

እዚህ ላይ ወላጆቻችንን አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ ታሪክ ለጉራጌ ሕዝብ የባዕድ ታሪክ አይደለም። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሊስትሮነት ወይም ሱቅ በመጥረግ ሥራ የጀመረ ብዙ ነው። ሱቁን ሲጠርግ የዕቃውን ዋጋ አጥንቶ፣ ሒሳቡን ከባለቤቱ አፍ ሰምቶ፣ ቀስ በቀስ የራሱን ሱቅ የከፈተም ብዙ ነው። በመስቀል በዓል ለቤተ ሰቡ ስጦታ ተሸክሞ ሲመለስ የምናየው ሰው እንዲህ ያለው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ተረት ለሮቢንሰንም ለእናንተም ሠርቷል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሮቢንሰን ያገኘውን ለብቻው አላስቀረም። በሩ ከተከፈተለት በኋላ በሩን ይዞ ቆሞ ሌሎችን አስገባ።

ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖ የጥቁር አብራሪዎችን ማኅበር መሠረተ። ሌሎች የአይሮፕላን ሜዳዎች ስለማያስተናግዷቸው በቺካጎ አጠገብ ሮቢንስ በምትባል መንደር የራሳቸውን ማረፊያ ሜዳ ሠሩ። ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ቤቱንና አይሮፕላኖቹን ቢሰባብርባቸው በሌላ ሜዳ ሥራቸውን ቀጠሉ። በተማረበት በታስኪጊም የበረራ ትምህርት እንዲከፈት አሳሰበ። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የለም ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ትምህርቱ ተከፍቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የተጠራው የታስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ከዚያ ወጡ። ስለዚህ አንዳንድ ጸሐፊዎች ሮቢንሰንን የእነርሱ አባት ብለው ይጠሩታል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ነው። ዶክተር መላኩ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተጋብዞ ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ተሾመ፤ የኮሎኔልነት ማዕርግም ተሰጠው።

አየር ኃይል ብዬ ስናገር ብዙ እንዳይመስላችሁ። ጥቂት አሮጌ አይሮፕላኖች ነበሩ፤ ከእነርሱም አብዛኛዎቹ የጦር መሣሪያ የሌላቸው ናቸው። ጣሊያን በበኩሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር አይሮፕላኖች አሰልፎ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ዐድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን እዚያው ዐድዋ ነበረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በሰሜን ጦር ግንባርና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሰ መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም በአይሮፕላን አደረሰ። ጠላት የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በሕዝቡ ላይ ሲያዘንብም በዓይኑ አየ። በተራሮች መካከል፣ በቀጭን አየር፣ የአየር ጠባይ የሚነግር ጣቢያ በሌለበት፣ መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን ከታጠቀ ጠላት እየሸሸ መብረር ምን ያህል ብርቱ ሥራ እንደ ሆነ አስተዋይ ሰው ሊገምተው ይችላል።

በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ማለቂያ ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ ወደ አገሩ ተመለሰ። በኒው ዮርክና በቺካጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ላይ ተቀምጦ ይኖር ነበር። እርሱ ግን በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የአይሮፕላን መካኒኮችን አስተማረ። ወደ ጥንተ ሥራው ወደ መምህርነት ተመለሰ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎችንና የቴክኒክ ሰዎችን ይዞ ዳግመኛ መጣ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ጉዞው በጦርነት ዋዜማ ነበረ፤ በጦርነት ጊዜ የሰው ልብ ይሞቃልና ብዙ ሰው ለመሄድ ይነሣሣል። ሁለተኛው ጉዞው ግን የተቃጠለና የተዘረፈ አገር ለማስተማር ነበረ። በዚህ ጊዜ ጋዜጣ አያጨበጭብም። ወጣቶችን ሰብስቦ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ካርታ ማንበብ፣ ነፋስን መለየትና መብረር አስተማረ። ከወረራው በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንደ ገና ለማቋቋም ከጣሩት መካከል እርሱና ጓደኞቹ የፊተኞቹ ናቸው።

ሥራውን ከቀጠሉት መምህራን መካከል ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሊረሳ አይገባም። እርሱም በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል አይሮፕላን እያበረረ ቁስለኞችን ያነሣ ሰው ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ትምህርት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ መራ። በ1939 ዓ.ም. ለማሠልጠኛ ከሚሆኑት ትንንሽ የሳፊር አይሮፕላኖች አንዱን ይዞ ከስቶክሆልም ተነሥቶ በመንገድ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጉዞ ነው፤ ከ30 ሰዓት በላይም ወስዶበታል። ካረጀም በኋላ በረኃቡ ዘመን መጥቶ መንገድ ላልደረሰላቸው ሰዎች እህል ከትንንሽ አይሮፕላኖች ይጥል ነበር። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በጎዴ ተገደለ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ፤ አንዱ በመጥረጊያ የጀመረ፣ ሌላው የመኳንንት ልጅ፤ ሁለቱም ለሌላ ሰው አገር አስተምረው በዚያው አገር ሞቱ።

የኮሎኔል ሮቢንሰን አሟሟት ይህ ነው። በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. በሞት አፋፍ ላይ ለነበረ አንድ ልጅ ደም ለማድረስ በትንሽ አይሮፕላን ተነሣ። አብሮት አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበረ። አይሮፕላኑ አዲስ አበባ አጠገብ ወደቀ። መሐንዲሱ ወዲያው ሞተ፤ ሮቢንሰን በጽኑ ቆስሎ ጥቂት ቀን ከታመመ በኋላ በዚያው ወር ዐረፈ። በአዲስ አበባ በጉለሌ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ይህንን ስሰማ ልቤን የነካው ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከሰማይ ሞት ሲያወርዱ ከእነርሱ ጋር የተዋጋ ሰው፣ ከ18 ዓመት በኋላ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር በአንድ አይሮፕላን ተቀምጦ በሰማይ ሕይወት ይዞ ሄደ። ስለ ይቅርታ ብዙ ስብከት ሰምተናል። ይህ ግን ያለ ቃል የተሰበከ ነው። ሌላም ነገር አለ። እርሱ በዚያ ጊዜ ኮሎኔልና አንጋፋ መምህር ነበረ። «ከተማሪዎቼ አንዱ ይሂድ፤ እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ» ቢል የሚፈርድበት አልነበረም። ነገር ግን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደሚባለው፣ ለሰው ማሰብን የለመደ ልብ ዕረፍት አያውቅም።

የእነዚህ መምህራን ዘር ምን እንዳፈራ ሁላችን እናየዋለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአዛዥነት ወንበር ተቀመጡ። ዛሬ የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ የራሳችንን ወጣቶች ብቻ ሳይሆን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ያስተምራል። ተማሪ የነበረ አገር መምህር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ሊኖር ይችላል። «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሞተን ሰው፣ ያውም የባዕድ አገር ሰው ማመስገን ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ብዙ ያገራችን መምህራን ሳይመሰገኑ ተቀምጠው የለምን?» ሊል ይችላል። ጥያቄው የተገባ ነው። የእኔም መልስ ይህ ነው። ሮቢንሰንን የማመሰግነው በሕይወት ያሉትን እንዳንረሳ እንጂ እነርሱን ለመተካት አይደለም። የሞተ ሰው ምስጋና አያስፈልገውም። ምስጋና የሚያስፈልገው ዛሬ ጧት ጠመኔ ይዞ ክፍል የገባው ሰው ነው። መምህር ሲሞት አበባ ከመያዝ፣ በሕይወቱ ሳለ ደጁን አንኳኩቶ «ያስተማርኸኝን አልረሳሁም» ማለት ይሻላል።

መምህሮቻችንም መሪውን ሳይነጥቁ አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሒሳቡን እነርሱ ሠርተው ቢሰጡን በአምስት ደቂቃ ባለቀ ነበር፤ እኛው እንድንሠራው አንድ ሰዓት ታገሡን። በዚህ ዓመት መጨረሻ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻችንን እንበራለን፤ እነርሱም ሜዳው ላይ ቆመው ወደ ላይ ያዩናል። አንዳንዶቻችን ወደ ወልቂጤ፣ አንዳንዶቻችን ወደ አዲስ አበባ፣ ሌሎቻችንም ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። እንግዲህ ያስተማሩን እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው እነርሱ በሌሉበት በምንሠራው ሥራ ነው።

አሁን በመጀመሪያ ቃል ወደ ገባሁት ነገር ደረስሁ። የሮቢንሰን የመጨረሻ ጭነት ደም ነበረ። አታት ደግሞ ከምንም በላይ በሆስፒታሏ የምትታወቅ ቦታ ናት። በ1960ዎቹ የሜዲካል ሚሽን እኅቶች ከመሠረቱት ጊዜ ጀምሮ ከየገጠሩ ስንት በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው እዚህ እንዳመጡ ወላጆቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድ የሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው የበሽተኛ ሸክም ነበረ። ሆስፒታሉም ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው አስቀድመው መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ከከፈቱት ቀደምቶች አንዱ ነው። መንገድ ቢያጥር፣ ሐኪም ቢኖር፣ ማቆያም ቢሠራ ግን አንድ ነገር ከሰው በቀር የትም አይገኝም። እናት ወልዳ ደም ሲፈሳት፣ ወይም ሰው በመኪና አደጋ ሲቆስል፣ የሚተካለት ደም ከሌላ ሰው ክንድ ካልመጣ በፋብሪካ አይሠራም፤ በገበያም አይገዛም።

ደም ደግሞ እንደ እህል በጎተራ አይከማችም። በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ እንኳ 35 ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሰጥቶ መርሳት አይጠቅምም፤ በየጊዜው የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። በአገራችን ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም ለመስጠት ይችላል። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ጤነኛ ሰውነት መልሶ ይተካዋል። ሮቢንሰን ደሙን ለማድረስ ሕይወቱን ከፈለ። እኛ የምንከፍለው ግማሽ ሰዓትና አንዲት የመርፌ ጠቅታ ነው።

በክፍላችን ካለነው ውስጥ 18 ዓመት የሞላን አለን፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ትምህርት ቤታችንን ስንሰናበት ለመምህሮቻችን የምንተወው ማስታወሻ የግድግዳ ሥዕል ወይም የፎቶግራፍ መዝገብ ብቻ አይሁን። ዕድሜያችን የደረሰ ሁሉ፣ ማንም ማንንም ሳያስገድድ፣ የጤና ባለሙያ መርምሮ ከፈቀደልን፣ ከዚህ ከመለያየታችን በፊት አንድ ጊዜ ደም እንስጥ። በምንሄድበትም ከተማ ይህንን ልማድ እንያዝ። ዕድሜያችሁ ገና ለሆነ ታናናሾቻችንም ይህ ልማድ እንዲደርሳችሁ እንፈልጋለን። በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ያላችሁ ተራችሁ ሲደርስ ከእኛ ትቀበሉ ዘንድ ከአሁኑ አደራ እንላችኋለን። ወላጆቻችንም «የልጄ ደም ለምን ይፈሳል» ሳትሉ ብትመርቁን፣ ከዚያም አልፋችሁ ከእኛ ጋር ብትመጡ ደስታችን ወሰን አይኖረውም።

ለመምህሮቻችን ደግሞ የምለው አጭር ነው። የአይሮፕላን መምህር ስም በአይሮፕላኑ ክንፍ ላይ አይጻፍም። መንገደኛው ትኬቱን ቆርጦ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አገሩ ሲደርስ አብራሪውን እንኳ ሳያይ ይወርዳል፤ አብራሪውን ያስተማረውንማ ማን ያስበዋል? የእናንተም ሥራ እንዲሁ ነው። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ ሐኪም፣ አንዷ መሐንዲስ፣ ሌላው ገበሬ ወይም ነጋዴ ሆኖ መልካም ሥራ ቢሠራ፣ ሰው የሚያየው እርሱን ነው። እኛ ግን እጃችሁ በእጃችን ላይ ተደርቦ እንደ ነበረ እናውቃለን። ዛሬ በሕይወት ሳላችሁ፣ በወላጆቻችን ፊት፣ በግልጥ እናመሰግናችኋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን፤ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።